ካሜራው ባዶ ነበር፦ የ«ነዳጅ አልቋል» ተዋንያን መረዳጃ ማኅበር ስለ ወይዘሮ ቆዩኝ ኅልፈት ያወጣው የሀዘን መግለጫ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለቴሌቪዥን ጣቢያው ሠራተኞችና ለተመልካቾቻችን በሙሉ፤

«ነዳጅ አልቋል» የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ኮሜዲ ተዋንያን አንድ በአንድ መርጠው ያሰባሰቡት፣ በሙያቸው ተዋናይ መራጭ፣ በእኛ ዘንድ ግን ወይዘሮ ቆዩኝ በመባል የሚታወቁት እናታችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማኅበራችን በኅልፈታቸው የተሰማውን ጥልቅ ሀዘን ይገልጻል። ከሀዘኑ እኩል የተሰማውን ቅሬታም ይገልጻል፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ይቀርባል።

አስቀድመን አንድ ነገር እናሳውቅ። ይህ ጽሑፍ ሲጀመር የሀዘን መግለጫ አልነበረም፤ የተቃውሞ መግለጫ ነበር። ተሰብስበን፣ ቃላት መርጠን፣ «በጽኑ እናወግዛለን» የሚለው ሐረግ ላይ ደርሰን ስንከራከር ነው የመርዶው ስልክ የጮኸው። ልንጣላት ተዘጋጅተን ከጨረስን በኋላ ሞተችብን፤ አረፉብን ለማለት ነው። የተቀየመ ሰው ቢያንስ የሚጣላው ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዚህ መግለጫ ውስጥ ከሀዘን ጋር የማይሄድ ቃል እዚህም እዚያም ቢያጋጥም ከፊተኛው ረቂቅ የተረፈ መሆኑን አንባቢ ይረዳልን። ሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ ልናወጣው ሞክረን አልወጣ ብሎን ነው።

መግለጫው ከቀብራቸው በኋላ ብዙ ቆይቶ የወጣበት ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። እሱንም በቦታው እንናገራለን።

«ነዳጅ አልቋል» በሕዋ መካከል ነዳጅ ጨርሳ የቆመች አንዲት መርከብና በውስጧ ተዘግቶባቸው የሚጨቃጨቁ አምስት ፍጡራን ታሪክ ነው። ማኅበራችንም አምስት አባላት አሉት። የመርከቧ አዛዥ የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው። ሐኪሟ ገንዘብ ያዥ ናት። ሮቦቷ ጸሐፊ ናት፤ ይህንንም የምትጽፈው እሷ ናት። መካኒኩና ከሩቅ ፕላኔት የመጣው እንግዳ ተራ አባላት ናቸው። በወጣልን ስም የሚጠራን ከቤተሰባችን በቀር የለም፤ የመካኒኩን ስም ሚስቱም ከተወችው ቆይታለች።

ወይዘሮ ቆዩኝ በጣቢያው ሦስተኛ ፎቅ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ በምትገኝ አንዲት ክፍል ለረጅም ዘመን በትጋት አገልግለዋል። ክፍሏ ውስጥ ጠረጴዛ፣ አንድ ትልቅ ካሜራና እስከ መጨረሻው የማይዘጋ መስኮት ነበሩ። ከበሯ ውጭ አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረች። ለፈተና የመጣን ሰው ሁሉ «እስቲ ትንሽ ቆዩኝ» ብለው እዚያች ወንበር ላይ አስቀምጠው ይጠፉ ስለነበር ስሙ በዚያው ጸናባቸው። «ትንሽ» ያሉት ለምሳ ሰዓት ያህል ነበር። ከዚያ ከበሩ በላይ ያለው ደወል ይደወልና ተፈታኙ ይገባል፤ ወይም ለመግባት ይሞክራል።

የዝግጅቱ ዓመት፤ ጣቢያው ለአዲሱ ኮሜዲ ተዋንያን እንዲመርጡ ኃላፊነቱን ሰጣቸው። ደራሲው የታወቁ ፊቶችን ይፈልግ ነበር። እሳቸው ግን «የታወቀ ፊት ሊያስቅ ነው የሚመጣ፤ እኔ የምፈልገው ማሳቁን የማያውቅ ነው» ማለታቸው ይነገራል። ይህን ንግግር እንደ ሙያ ጥበብ ቆጥረን በማኅበራችን ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ አስጽፈን ሰቅለነው ነበር። ከለቅሶው በኋላ አውርደነዋል።

በዚያው ዓመት፤ አምስታችንም በተለያየ ቀን፣ እያንዳንዳችን ለብቻችን ተፈተንን። በማኅበራችን የምሥረታ ጽሑፍ ላይ እንደሰፈረው «አባላቱ በካሜራ ፊት ባሳዩት የላቀ የትወና ብቃት» ተመረጥን። በተለይ ሊቀመንበራችን ሠራዊቱን የተነጠቀ ጄኔራል የሚያሰማውን የስንብት ንግግር ከወራት ልምምድ በኋላ አቅርቦ፣ በንግግሩ መጨረሻ በእውነተኛ እንባ አልቅሷል። ወይዘሮ ቆዩኝ ከካሜራው ጀርባ ተነስተው «ይበቃል ልጄ፣ ተመርጠሃል» አሉት። ሊቀመንበራችን በኋላ የከፈተው የትወና ትምህርት ቤት በዚያ ንግግር ላይ የቆመ ነው። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ትምህርት ጄኔራሉ ነው፤ ሁለተኛው ትምህርት ሊቀመንበራችን ጄኔራሉን ሆኖ ያለቀሰበት ቀን ነው።

ቀጣዮቹ ዓመታት፤ ድራማው ታየ፤ ተወደደ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ለአዛዡ ወንበር ይለቅለት ነበር። ሐኪሟን በገበያ መካከል እያስቆሙ ምላሳቸውን የሚያሳዩዋት ነበሩ። ወይዘሮ ቆዩኝ ከቀረጻ ቀን ቀርተው አያውቁም፤ ጥግ ላይ ቆመው በመሐረብ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሲስቁ ደስ ይለን ነበር። ዛሬ ስናስበው ግን አይለንም።

ዘንድሮ፤ ድራማው ከተቋረጠ ከዓመታት በኋላ ጣቢያው እንደገና ሊጀምረው መሆኑ ተሰማ። መራጯ እሳቸው መሆናቸውም ተሰማ። እኛ ልብሳችንን አስተኮስን። መካኒኩ ክብደት ቀነሰ። ለፈተና የጠራን ግን አልነበረም። በመጨረሻ ለአዲሱ ዝግጅት አራት አዳዲስ ሰዎች መመረጣቸውን የሰማነው ከጣቢያው ጥበቃ ነው፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ! ሊቀመንበራችን ደወለላቸው።

«እትዬ፣ ረሱን እንዴ?» አላቸው።

«አይ ልጄ፣ እናንተን እረሳለሁ? እስቲ ትንሽ ቆየኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት። መልሰው አልደወሉም። የተቃውሞ ስብሰባው የተጠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተበተነውም ቀደም ሲል በተገለጸው ስልክ ነው።

ለቅሶ ልንደርስ ቤታቸው ስንሄድ ከታናሽ ወንድማቸው በቀር ቤተሰብ አላገኘንም። ወንድማቸው የጣቢያው አናጺ ናቸው፤ የድራማውን መርከብ ከኮምፔርሳቶና ከአሮጌ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በሮች የሠሩት እሳቸው ናቸው። ማኅበራችን የሄደው ቅሬታውን ይዞ ነው። ሊቀመንበራችን ያን የፈተና ቀን አነሳ፤ ጄኔራሉን፣ እንባውን፣ «ይበቃል ልጄ» ያሉትን። አናጺው እስኪጨርስ ጠብቀው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ በደግነት እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ ያ ካሜራ እኮ ካሴት ኖሮት አያውቅም።»

ከዚያ በኋላ የነገሩንን ማኅበራችን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያቀርባል። በየማለዳው የዚያችን ክፍል የበር እጀታ በመፍቻ የሚያላሉት እሳቸው ነበሩ። ደወሉንም የሚደውሉት እሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ቆዩኝ «ቆዩኝ» ብለው ሲሄዱ ርቀው አይሄዱም፤ ከኮሪደሩ ማዶ ካለችው የዕቃ ክፍል ገብተው በበሩ ክፍተት ያያሉ። ተፈታኙ ደወሉን ሰምቶ በሩን ሲይዝ እጀታው በእጁ ይቀራል። ፈተናው ይኸው ነበር። ካሜራው ፊት የሚሆነው ሁሉ ለይስሙላ ነው።

ስለሆነም የአባላቱ አመራረጥ እንደሚከተለው እንዲታረም ማኅበራችን ወስኗል።

አዛዡ እጀታው በእጁ ሲቀር ኮሪደሩ ላይ አንድም ሰው አልነበረም። ሆኖም «የዚህ በር ኃላፊ ማነው?» ሲል ጮኸ። መልስ ሲያጣ እጀታውን አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ «በአስቸኳይ ይስተካከል!» ብሎ ወንበሩን አዘዘው።

መካኒኩ «ይሄማ ቀላል ነው» አለና በሳንቲም ብሎን መፍታት ጀመረ። ወይዘሮ ቆዩኝ ሲደርሱ በሩ ከነማጠፊያው ወልቆ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ሐኪሟ፣ ያኔ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበረች፣ ከቦርሳዋ የቁስል ፕላስተር አውጥታ የተቦረቦረው ቦታ ላይ ለጠፈችና በሩን «አይዞህ» አለችው። እንግዳው የተሰጠው መስሎት እጀታውን እንደ ትኬት በሁለት እጁ ይዞ ቆየና ሴትየዋ ሲመጡ እጅ ነስቶ አስረከባቸው።

ሮቦቷ እጀታውን አየችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ጸሐፊዋ በዚህ ጉዳይ ላይ ማብራሪያ አትሰጥም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብለው አባላቱ የሳቁባት ስለሆነ እጀታው ዛሬም ቤቷ መኖሩን ብቻ ታረጋግጣለች።

እዚህ ላይ ለሕዝብ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። አምስታችንም፣ እንግዳውም ቆይቶ ሲገባው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ በሩን የሰበርነው እኛ መስሎን ነበር። እያንዳንዳችን፣ ለብቻችን። አንዳችን ለሌላችን ነግረን አናውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በአንድ ምግብ ቤት በልተን፣ በአንድ መኪና ተጉዘን፣ ይችን አንዲት ጉዳይ ደብቀን ኖረናል። ሴትየዋ በሩን ተሰብሮ አይተው ቃል ሳይተነፍሱ በትከሻቸው ገፋ አድርገው ከፍተው፣ የመካኒኩን የወለቀ በር አልፈው፣ «ግባ ልጄ፣ ግቢ ልጄ» ሲሉን፣ ገመናችንን የሸፈኑልን መስሎን ነበር። የወደድናቸው ለዚህ ነው። ሥራ ስለሰጡን አይደለም፤ ሥራ የሚሰጥ ብዙ ነው። ያሳፈረንን አይተው እንዳላዩ ስለሆኑልን ነው። ለካ ያን ማፈራችንንም ያሰናዱት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቅስማችን የተሰበረው እዚህ ላይ ነው፤ ካሴቱስ ይቅር።

ተመልካችም ይወቀው። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅ የኖረው በትወናችን አልነበረም። አዛዡ የተመረጠው አዛዥ መሆን ስለሚችል ሳይሆን ማንም ሳይሾመው የሚያዝ ሰው ስለሆነ ነው። ደመወዝ ሲከፈለን የኖረው በጠባያችን ነው።

ሐኪሟ በዚያ ለቅሶ ቤት ማኅበሩን ወክላ ጠየቀች፤ «እሺ፣ በጠባያችን ከሆነ ጠባያችን የት ሄደ? ዘንድሮስ ለምን ተወችን?»

 በዓመቱ መጀመሪያ ወይዘሮ ቆዩኝ «ናፍቃችሁኛል» ብለው እያንዳንዳችንን ወደ ክፍላቸው ጠርተው እንደነበር አናጺው አስታወሱን። እውነት ነው፤ ጠርተውን ሄደናል። እጀታውም በእጃችን ቀርቷል። ዛሬም አልተሠራም ማለት ነው ብለን፣ እንደ ድሮ ትዝታ ቆጥረነው፣ ትንሽ ተጫወትንበት። አዛዡ «የዚህ በር ኃላፊ ማነው?» ያለው በደረት ድምፁ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ነው። መካኒኩ ብሎን ፈትቶ ሆን ብሎ ጣለ። ጸሐፊዋም እጀታውን ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው ቀስ ብላ፣ ለሳቅ ፋታ ሰጥታ ነው። ስትወጣ ግን መለሰችው።

«የበሩ ክፍተት ላይ ቆማ አየቻችሁ» አሉ አናጺው። «አምስታችሁንም። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። "ምነው እህቴ" ብላት "ጎበዞች ሆነውብኛል" አለችኝ። "ራሳቸውን እየተጫወቱት ነው፤ ከእንግዲህ አያስቁም። እኔ ምን ብዬ ልንገራቸው?" አለች። ሳትነግራችሁ ሞተች።»

ሙያ ተማረ ተብሎ ከሥራ የተባረረ ሰው በዓለም ላይ ከማኅበራችን በቀር መኖሩን አናውቅም።

 በመጨረሻ ሊቀመንበራችን «እንባዬስ?» አለ። «ያ እንባዬስ ጋሼ? ከአንጀቴ ነበር እኮ።»

«እንባህን እሷ አይታዋለች ልጄ። ያላየው ካሜራው ነው።»

«ታዲያ በሕይወት እያለች ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እጣላት ነበር፤ አኮርፋት ነበር፤ ከዚያ እታረቃት ነበር። አሁን ከማን ጋር ልጣላ?»

 

ከቀብሩ በኋላ፤ ወይዘሮ ቆዩኝ ሳይጨርሱት የሄዱት አንድ ምርጫ ብቻ ነበር፤ አዲሱ አዛዥ። ጣቢያው አሠራራቸውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ሲያጣ ሥራውን ለአናጺው ሰጠ። እሳቸውም መፍቻቸውን ይዘው ገቡ። ለዚያ ቦታ ከተጠሩት መካከል አንዷ የሊቀመንበራችን ተማሪ ነበረች፤ ቀድሞ የአውቶቡስ ትኬት ተቆጣጣሪ የነበረች ሴት። የጥሪው ወረቀት በደረሳት ቀን ትምህርት ቤቱ ድረስ መጥታ ጄኔራሉን እንዲያስጠናት ለመነችው።

ማኅበራችን በጉዳዩ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ አደረገ። መካኒኩ «እንንገራት እንጂ! እኛን ያቃጠለን እሷን ለምን ያቃጥላት?» አለ። ጸሐፊዋ ደገፈችው። እንግዳው «ከነገርናት በሩ ላይ መጫወት ትጀምራለች፤ ከተጫወተች አትመረጥም» አለ። ሐኪሟ ከእሱ ጋር ቆመች። ሁለት ለሁለት ሆነና ነገሩ በሊቀመንበሩ ድምፅ ላይ ወደቀ። ሊቀመንበሩ «ሆድ ይፍጀው» አለ። ስብሰባው ተዘጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጄኔራሉን ያስጠናት ገባ። ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ አሳያት። እንባ ሲመጣ እንዳትጠርገው፣ ካሜራውን በዓይኗ እንድትይዝ፣ ካሜራ ውሸት እንደማይወድ አስተማራት። ባዶ መሆኑን እያወቀ። ጸሐፊዋ አንድ ቀን ከክፍሉ ውጭ ቆማ ሰምታለች፤ በሕይወቱ እንዲህ አሳምሮ ሲያስተምር ሰምታው አታውቅም። ይህ መግለጫ የዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ ቢወጣ ልጅቷ ታነበው ነበር።

ተፈተነች። አናጺው እንደነገሩን፣ ደወሉ ተደውሎ እጀታው በእጇ ሲቀር ግራና ቀኝ አይታ፣ በባዶው ኮሪደር «ማንም ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ!» አለች። ከዚያም አግዳሚ ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብላ የጠፋ ብሎን እየፈለገች ወንበሩን «ዝም አልክ ማለት ነው?» አለችው። አናጺው በዕቃ ክፍሉ ውስጥ መሐረባቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሳቅና በልቅሶ መካከል ቆመው እንደነበር ገልጸዋል። እህታቸው ብታያት ኖሮ ብለዋል።

በዚያው ቀን እየሮጠች ትምህርት ቤቱ መጣች። «ጋሼ፣ ተመረጥኩ! ጄኔራሉ ነው ያስመረጠኝ! ካሜራው ፊት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ!» ብላ አንገቱን አቀፈችው። ሊቀመንበራችን «እንኳን ደስ ያለሽ፣ አውቄ ነበር» አላት። ስለ እጀታው አልነገረችውም። እሱም አልጠየቃትም።

አሁን የአዲሱ ድራማ የመጀመሪያ ዙር ቀረጻ ስለተጠናቀቀ ዝምታው አስፈላጊ አይደለም። ይህን መግለጫ ማውጣት እንደሌለብን የተከራከሩ አባላት ነበሩ፤ ሳታውቅ ብትኖር ምን ይጎዳታል ብለው። በዚህኛው ስብሰባ ሊቀመንበራችን ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ተነስቶ፣ እኛ ነገሩን በለቅሶ ቤት ነው የሰማነው፣ እሷ ግን የምትጣላው ሰው በሕይወት እያለ ትስማው ብሏል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

በመሆኑም ማኅበራችን ለአናጺው ወንድማቸው፣ ሳቃቸውን በየኮሪደሩ ለሚያውቁት የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በእሳቸው ምርጫ ለሳቀ ሰው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል፤ ተርፎ ከተገኘ ለእኛም። ወይዘሮ ቆዩኝን ይቅር አላልናቸውም። ናፍቀውናል። ሁለቱም በቃለ ጉባኤ ይያዙልን።

ለአዲሷ አዛዥ፤ በሩን አንቺ አልሰበርሽውም። ካሜራው ባዶ ነበር፤ ያስጠናሽም ሰው ያውቅ ነበር። ብትቀየሚ እውነት አለሽ። ሊቀመንበራችን ከዛሬ ጀምሮ ከቤቱ አይወጣም፤ መጥተሽ እስክትጣዪው ይቆይሻል። የቤቱንም በር እጀታ በመፍቻ አጥብቆታል።

የ«ነዳጅ አልቋል» ተዋንያን መረዳጃ ማኅበር